«ወረቀት አምጡ» ለተባላችሁ ወላጆች፦ አያት አካባቢ ስላለው የልጆች ክሊኒክ

ነጥቡን ከፊት ልስጥና ልገላገል፤ ከ10 7። የክሊኒኩን ስም አልጽፍም። ቅሬታም አለኝ፣ ባለሙያዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሰው ለይቼ የማማ እንዳይመስልብኝ። አያት አካባቢ ያላችሁ ከአጻጻፌ ታውቁታላችሁ፤ ያላወቃችሁት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

የምጽፈው ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ልጅዎ ትኩረት ስለማይሰጥ ሐኪም አሳይተው ወረቀት ያምጡ» ተብሎ ለተላከባችሁ ነው። እኛ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ይቺ መልእክት የመጣችው እኛ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየብሎኩ ገብታለች። ጠዋት ሰርቪስ ስንጠብቅ የእናቶቹ ወሬ እሷ ሆናለች። አንዷ «በሽታ ነው፣ ቶሎ መታከም አለበት» ትላለች። ሌላዋ «የምን በሽታ፣ ፈረንጅ ያመጣው ጣጣ ነው፣ ልጅ ካልቀበጠ ምኑን ልጅ ሆነ» ትላለች። እኔ ሁለቱንም ስሰማ ከረምኩ። አሁን የራሴን ልበል።

እዚህ ክሊኒክ ከመሄዴ በፊት መሀል ከተማ ሌላ ቦታ ወስጄው ነበር። እሱንም ስሙን ተዉት። ካርድ አወጣን፣ ገባን። ልጄ የሚሽከረከረውን ወንበር አየና በቃ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ። ከዚያ የዶክተሩን ስቴፕለር አነሳ። እኔ ጥቂት ጥያቄ ተጠየቅኩ፣ «ይሮጣል? ይረሳል? ሲጠሩት ይሰማል?» የሚሉ። የደም ምርመራ ታዘዘ፣ የጭንቅላት ኢኢጂ (የአእምሮን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያነበው ማሽን) ታዘዘ፣ ከፈልን። ተመልሰን ስንገባ «ውጤቱ ሁሉም ደህና ነው» ተባልን፣ እዚያው ቁጭ ብለን ወረቀቱ ላይ «ኤዲኤችዲ» (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ማለት ነው) ተጻፈና የመድኃኒት ማዘዣ ተሰጠኝ። ከሐኪም ጋር የተቀመጥነው ተደምሮ አንድ ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ አይሞላም። ማዘዣውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ፋርማሲ አልሄድኩም።

እስቲ አስቡት፣ ደሙ ደህና ነው፣ ኢኢጂው ደህና ነው፣ ታዲያ ምኑን አይተው ጻፉት? ያኔ ያልገባኝ ኋላ ነው የገባኝ። ኤዲኤችዲን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ራጅም ሲቲ ስካንም አያሳየውም። ኢኢጂ ጥቅም አለው፣ ግን ለሌላ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ለጥቂት ሰከንድ ደንዝዞ ቀርቶ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ጨዋታውን የሚቀጥል ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላልና ያ ሲጠረጠር ይታዘዛል። ልጄ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም፣ የጠየቀኝም የለም። እኛ ሐበሾች ደግሞ ማሽን ያለበት ምርመራ እንወዳለን። ማሽን ውስጥ ካልገባን የታከምን አይመስለንም። ያችን ድካማችንን የሚያውቅ ያውቃታል።

አሁን አያት አካባቢ ወዳለው ክሊኒክ ልምጣ።

መጀመሪያ ክፉውን። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፣ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ይታይበታል፣ ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ትኩረት የማጣት ምርመራ በሚሰጥበት ቤት! ልጆቹ በሙሉ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፣ ሪሴፕሽኗ ስም ስትጠራ ወላጆቹም አንሰማም። ደፍሬ «እህቴ፣ እባክሽ ቀንሺው» አልኳት። ቀነሰችው። ቡና ይዛ ስትመለስ መልሳ ከፈተችው። ቅዳሜ ደግሞ አይደረስበትም፤ ወንበር አይበቃም፣ ሰው ደረጃው ላይ ይቀመጣል። የምጠብቀው ለአንድ ሰዓት መስሎኝ ምሳ ሰዓት አልፎ ወጥቻለሁ።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ፎቅ ላይ ነው፣ እዚያ ሌላ ዓለም ነው። ያየችን ሳይኮሎጂስቷ ናት። ሳይካትሪስቱ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ይመጣል፣ መድኃኒትን በተመለከተ የሚወስነው እሱ ነው። ሴትየዋ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ልጄን «ና እስቲ ጓደኛዬ» ብላ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችውና እኔን ስለ እርግዝናዬ ትጠይቀኝ ጀመር። ስንት ወር ላይ ተወለደ፣ ምጡ ከበደ ወይ፣ መቼ ተራመደ፣ መቼ አወራ፣ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቶ ያውቃል ወይ። ቀጥላ ስለ ቤታችን ጠየቀች፤ ማን አለ፣ ማን ይጣላል፣ ሰው ሞቶባችኋል ወይ፣ ቤት ቀይራችኋል ወይ። «የመጣሁት ለልጁ ነው፣ ይቺ ምን ሆና ነው ታሪኬን የምትጠይቀኝ» ብዬ ትንሽ ተናድጄም ነበር። እሷ ግን አልቸኮለችም። ሐዘን ወይም ፍርሃት ቤት ውስጥ ሲኖር ልጅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ማለት ያቅተዋል አለችኝ፤ ስሙ ግን ሌላ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓይነት መጠይቅ ሰጠችኝ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለመምህርቷ። የወላጁ 55 ጥያቄ አለው፣ የመምህሩ 43። በአብዛኞቹ ጥያቄዎች ፊት «በፍጹም»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «በጣም ብዙ ጊዜ» የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉ። የእኔን ማታ ከባለቤቴ ጋር ሞላነው። ባለቤቴ «የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ዕቃ ይጥላል፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይመልሳል» የሚለውን እያነበበ ዝም አለ፣ ከዚያ «ይሄ ስለ እኔ ነው እንዴ የተጻፈው?» አለ። ሳቅን። ሳይኮሎጂስቷ ግን ይህን ስነግራት አልሳቀችም፣ ጻፈችው። ነገሩ በቤተሰብ በጣም የሚወራረስ ነው፤ በመንትዮች ላይ የተሠሩት ጥናቶች የዘሩን ድርሻ ከ70 በመቶ በላይ ያደርሱታል።

የመምህርቷ መጠይቅ ሲመለስ ጉድ ታየ። 43ቱም ጥያቄ ላይ አራተኛው ሳጥን ውስጥ ምልክት አለ። ከላይ እስከ ታች፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ያለ መስመር። «ውድ ዕቃ ይሰርቃል»፤ በጣም ብዙ ጊዜ። «ሰው ላይ ይጨክናል»፤ በጣም ብዙ ጊዜ። እኔ ደሜ ፈላ። ልጄ እርሳስ አስነጥቆ ይመጣል እንጂ እርሳስ ወስዶ አያውቅም! ሳይኮሎጂስቷ ወረቀቱን አየችው፣ ገለበጠችው፣ ምንም አላለችም። ስልኳን አነሳችና ፊት ለፊቴ ለመምህርቷ ደወለች። «ሚስ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነሽ? እረፍት ሰዓትሽ መቼ ነው? ልደውልልሽ» ብላ ዘጋችው። ኋላ ደውላ ረጅም ጊዜ አወራቻት፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ምሳሌ እያስመጣች እንደገና ሞሉት። ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። ስርቆቱ ጠፋ፣ ጭካኔው ጠፋ። የቀረው «ክላስ ወርክ አይጨርስም»፣ «ከወንበሩ ይነሳል»፣ «ከሰዓት ይብስበታል» ነው።

መምህርቷን አልወቅስም። ክፍሉን አይቼዋለሁ። ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ የመጨረሻው ረድፍ ግድግዳ ተደግፎ ነው ያለው፣ ግቢው ድሮ ቪላ ቤት የነበረ ስለሆነ መሮጫ የለውም። እረፍት ሰዓት ላይ ሚኒ ሚዲያው ይጮሃል፣ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተፋፍገው ብስኩት ይበላሉ። እዚያ ውስጥ እኔንም ለስድስት ፔሬድ ቁጭ በይ ብትሉኝ በሁለተኛው እነሳለሁ። ለዚህች መምህርት መጠይቅ አምጥቶ ከነድካሟ «ሙዪ» ማለት በራሱ ግፍ ነው። ለዚህም ነው የስልኩ ጥሪ የክሊኒኩ ትልቁ ነጥብ የሆነብኝ። ያ የመሀል ከተማው ቦታ መምህር የሚባል ሰው መኖሩንም አልጠየቀ።

መጠይቁን ደግሞ ለይስሙላ አይደለም የሚያስሞሉት። ዶክተሮች የሚመሩበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ አለ፤ አምስተኛው እትም በ2013 የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እሱ 18 ምልክት ይዘረዝራል፤ 9 ስለ ትኩረት ማጣት፣ 9 ስለ መቅበጥበጥና ሳያስቡ ማድረግ። ልጅ ከአንደኛው ወገን ቢያንስ 6 ሊኖረው ይገባል። ለ6 ወር የቆየ መሆን አለበት። ከ12 ዓመት በፊት የጀመረ መሆን አለበት። ቢያንስ ሁለት ቦታ መታየት አለበት፤ ቤትም ትምህርት ቤትም። ኑሮውን ወይም ትምህርቱን በግልጽ የሚያበላሽ መሆን አለበት። በሌላ ችግር የሚገለጽ ከሆነ ደግሞ አይቆጠርም። እንግዲህ ይሄን ሁሉ በአንድ ማኪያቶ ውስጥ ማን ነው የሚጨርሰው? ትምህርት ቤት ብቻ የሚታይ ከሆነ እኮ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው።

ከዚያ ጆሮና ዓይን። የጆሮ ምርመራ እዚያው ተደረገ፣ ለዓይን ሌላ ቦታ ላኩን። ደህና ነው። የደም ማነስም ታየ፣ እሱም ደህና። «ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ቢያወራ ምን ይገርማል» አለችኝ።

ሁለተኛው ጉድ የመጣው እንቅልፍ ስትጠይቅ ነው። «ስንት ሰዓት ይተኛል?» አባቱ ከሥራ ሲገባ እሱን ሳያይ አይተኛም፣ አባቱ ደግሞ ከመሀል ከተማ አባዶ እስኪደርስ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ማታ 4 ሰዓት ይሆናል። «ስንት ሰዓት ይነሳል?» ሰርቪሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ብሎካችን ሥር ነው፤ እኛ መጀመሪያ ከሚጫኑት ነን። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨለማ ውስጥ አንስቼ በተኛበት ካልሲ አጠልቅለታለሁ። ቆጠረችው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። የደከመው ልጅ ደግሞ እንደኛ ሶፋ ላይ አይዘረጋም፤ ይብሱን ይንቀዠቀዣል፣ ይነጫነጫል፣ የሚሰማውን ይረሳል። ወረቀት ላይ ሲሞላ ከኤዲኤችዲ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። አያት፣ ጣፎ፣ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ያላችሁ፣ ልጆቻችን ከዶሮ ቀድመው ነው የሚነሱት። ቤቱ ዳር ነው፣ «ጥሩ» የተባለው ትምህርት ቤት ወደ መሀል ነው፣ ሂሳቡን የሚከፍለው የልጁ እንቅልፍ ነው። ይሄን ነገር ሌላ ሐኪም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ልጄ የተወለደው ነሐሴ መጨረሻ ነው። የመግቢያ ፈተናውን አለፈ ብለው ስድስት ዓመት እንደሞላው አንደኛ ክፍል ተቀበሉት። በአገራችን አንደኛ ክፍል መግቢያ 7 ዓመት ነው፣ የግል ትምህርት ቤቶች ግን ታውቋቸዋላችሁ። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ በአንድ ዓመት ከምናምን ይበልጠዋል። በሰባት ዓመት አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ሳይኮሎጂስቷ የልደት ቀኑን ስታይ አክብባ ምልክት አደረገችበት፣ እኔም ቤት ገብቼ ነገሩን አነበብኩት። በ2018 በትልቅ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ፣ ከ400,000 በላይ ልጆችን ያየ። ሴፕቴምበር 1ን የመግቢያ ዕድሜ መቁረጫ ባደረጉ ግዛቶች በኦገስት የተወለዱ ልጆች፣ የክፍሉ ትንንሾች ማለት ነው፣ በሴፕቴምበር ከተወለዱት በ34 በመቶ በልጠው ኤዲኤችዲ ተብለዋል። ካናዳም ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በ2012 የወጣ አለ፤ ወደ 938,000 ልጆች። እዚያ መቁረጫው የዲሴምበር መጨረሻ ነው፣ እና በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት በ30 በመቶ፣ ሴቶቹ በ70 በመቶ በልጠው ተመርምረው ተገኝተዋል። በአንድ ወር ልዩነት የልጅ አእምሮ አይታመምም። የተመዘነው ልጅነቱ ነው፣ የተለጠፈበት ግን በሽታ ነው።

እንግዲህ «ልክ ብለን ነበር፣ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምትሉ እዚህ ላይ አጨብጭባችሁ ይሆናል። ቆዩ።

ከእኛ በላይ ያለችው ጎረቤቴ ልጅ አለቻት፣ ሦስተኛ ክፍል። (አስፈቅጄ ነው የምጽፈው።) አትሮጥም፣ አትጮህም፣ መምህር ስለሷ አንድ ቀን ቅሬታ ጽፎ አያውቅም። «ጨዋ ልጅ» ነው የምትባለው። ግን ሂሳብ ላይ አንድ ጥያቄ ለመጨረስ መስኮቱን አሥር ጊዜ ታያለች። ቦርሳዋን ሰርቪስ ውስጥ ጥላ ትወርዳለች። እናቷ «ሂጂ ጨው አምጪ» ስትላት ኩሽና ትገባና እዚያው ቆማ ትቀራለች፣ ምን ልታመጣ እንደሄደች ጠፍቷት። ከኬጂ ጀምሮ እንዲህ ናት። ዓይን ነው ተባለ፣ ጠበል ተሄደ። አባቷ «ፈዛዛ» ይላታል፣ ልጅቷም ራሷን «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት ጀምራ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። እኔ ነኝ ወደዚሁ ክሊኒክ የላክኋቸው። ትተኛለች፣ ዕድሜዋ ከክፍሉ ጋር እኩል ነው፣ ጆሮና ዓይኗ ደህና ነው፣ የቤቱና የትምህርት ቤቱ መጠይቅ ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚናገረው። ብዙ ቀጠሮ ወሰደ፣ ግን ኤዲኤችዲ ተባለች፤ የትኩረት ማጣት ብቻ ያለበት ዓይነት። አሁን ይሄን ምን ልትሉት ነው? ሴቶች ልጆች ቁጭ ብለው ነው የሚጠፉት፣ ስለዚህ ማንም አያያቸውም። አሜሪካ እንኳ ያ ሁሉ ምርመራ ባለበት አገር በ2022 በተደረገው የወላጆች ጥናት ወንዶቹ 15 በመቶ፣ ሴቶቹ 8 በመቶ ናቸው።

እማማ፣ አማቴ፣ «ድሮ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነበር፣ ማን ሐኪም ቤት ወሰደው» ይላሉ። «እውነትዎን ነው እማማ፣ ግን እነዚያ ልጆች አሁን የት አሉ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ከሰፈራቸው ልጆች የአንዱን ስም ጠሩ። በየቀኑ ይገረፍ የነበረ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ጥሎ የጠፋ። «እሱስ ጭንቅላት ነበረው» አሉ። ነገሩ ድሮም ነበረ፣ መድኃኒቱ ልምጭ ነበር። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ትናንት አልፈጠሩትም፤ ጆርጅ ስቲል የሚባል የለንደን የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን የገለጸው በ1902 ነው። ስሙ ነው የተቀያየረው።

ስም ማውጣት ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ኦቲዝም የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ማን ያውቀው ነበር? ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ማዕከልን ከፍታ በየመድረኩ እስክታወራ ድረስ እርግማን ነበር የሚባለው፣ ልጆቹ ጓዳ ተዘግቶባቸው ነበር። ስም ሲያገኝ ነው ልጁ ከጓዳ የወጣው።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ምርመራው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ሰርቪስ ማቆሚያው ላይ የምናቃጥለው በከንቱ ነው። በዓለም ዙሪያ ጥናቶች ሲደማመሩ ከ100 ልጅ ወደ 5 ይደርሳል። በአሜሪካው የ2022 ጥናት ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት 11.4 በመቶ «አለበት ተብሎ ያውቃል»። በ5 እና በ11 መካከል ያለው ልጅ ማን ነው? ምናልባት ግማሹ የኔ ዓይነት ነው። ከ5ቱ ውስጥ ደግሞ እኛ አገር ስንቱ የጎረቤቴ ልጅ ዓይነት ሆኖ በዝምታ እየወደቀ ነው? ክሊኒኩን የምለካው በዚህ ነው። ሁለቱን ልጆች በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ አይቶ ለአንዱ «ገና ነው»፣ ለሌላዋ «አዎ» ማለት ችሏል።

ለእኛ የተባለው «ገና ነው» ነው። መጀመሪያ እንቅልፉን አስተካክሉ፣ ከፊት ይቀመጥ፣ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጠው፣ በሴሚስተሩ ማብቂያ እንደገና እንየው። የሰርቪሱን ሹፌር ለምነን ከመጀመሪያ ተጫኝ ወደ መጨረሻ አዞረን፤ እግዜር ይስጠው። አባቱ ሳይገባ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል፣ ለአንድ ሳምንት አለቀሰ፣ ከዚያ ለመደ። አሁን ሆምወርኩን ሳይጣላ ይሠራል። ይረሳል ግን። ዛሬም የውኃ ኮዳውን ትምህርት ቤት ጥሎ መጥቷል። በሁለተኛው ቀጠሮ ይህንኑ ነገርኳት፣ «እንግዲህ እንከታተለዋለን፣ ሊሆንም ይችላል» አለችኝ። ደስ ያለኝ ይሄ ነው፤ አልዋሸችኝም።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ አልልም፣ እኛ አልደረስንበትም። ለጎረቤቴ ሳይካትሪስቱ የነገራት፦ ሜቲልፌኒዴት ለብዙ ልጆች ይሠራል፣ ግን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ሊያስቸግር ይችላል፣ ክብደት፣ ቁመት፣ የልብ ምትና ደም ግፊት እየተለካ ነው የሚሰጠው። በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፣ እንደ ፓራሲታሞል ከሱቅ አይገዛም። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ቀድሞ የሚታዘዘው የወላጅ ሥልጠና ነው። ያ የመሀል ከተማው ዶክተር ልጄን ሚዛን ላይ እንኳን አላወጣውም ነበር።

ነጥቡን የቀነስኩበት፦ ቴሌቪዥኑን ብያለሁ። ዋጋውን አስቀድመው አይነግሩም። መጀመሪያ የሚጠሩት ዋጋ የምርመራውን ብቻ ነው፣ ከዚያ ለመጠይቅ፣ ለጆሮ፣ ለሪፖርት ለየብቻ ይጨመራል፤ ሲደመር የኛን ትምህርት ቤት የአንድ ወር ክፍያ በላ። ሪፖርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጎረቤቴ ለማንበብ እኔን ጠራች፤ የልጇን ነገር ከጎረቤት አፍ መስማት አልነበረባትም። ወደ ትምህርት ቤት ሄደው ክፍሉን አያዩም። የወላጅ ሥልጠናው ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ነው፣ አባቶች አንድም የሉም፤ ቤት ውስጥ «ፈዛዛ» የሚለው ደግሞ አባት ነው። ሳይካትሪስቱን ለማግኘትም ወረፋው ረጅም ነው። «ሳይካትሪስት» ሲባል ዘመድ ሁሉ አእምሮው ውስጥ የሚመጣለት አማኑኤል ነው፣ «ልጁን አማኑኤል ልትወስጂው ነው እንዴ» የምትል አክስት አትጠፋም፤ እሷን ስቃችሁ እለፏት።

የትምህርት ቤቱ ነገርስ? ወረቀቱን ወሰድኩላቸው። ዩኒት ሊደሩ ገለጠውና «ታዲያ ምን አለበት?» አለኝ። «ገና አልታወቀም፣ ከፊት ይቀመጥ ብለዋል» አልኩት። «እኛ የፈለግነው እኮ ምርመራውን ነው» አለ፣ ፊቱ ላይ ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ከፊት ግን አስቀመጡት።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቅዳሜን እርሱት፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ደውላችሁ ሂዱ። ከጣፎ አደባባይ ታክሲ አይጠፋም። ያለፈውን ዓመትና የዘንድሮውን ደብተሮች ያዙ፤ እኔ ሳልይዝ ሄጄ ተመልሼ አምጥቻለሁ። የልጁን ክትባት ካርድ ያዙ። የመምህሩን መጠይቅ በልጁ ቦርሳ አትላኩ፣ ራሳችሁ ወስዳችሁ በእረፍት ሰዓት ስጡ፣ አምስት ደቂቃም አብራችሁ ቁጭ በሉ። ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት «ሪፖርቱ ከዚህ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል?» ብላችሁ ጠይቁ። እና ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ስማችሁ ሲጠራ ያልፋችኋል።